ሰሌዳው ያለውና ደረሰኙ ያለው

የሰው ልጅ መግዛትና መሸጥ ከጀመረ አንሥቶ የመስፈሪያ ነገር ሲያከራክረው ኖሯል። በአገራችን ገበያ ጨርቅ በክንድ ሲለካ የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ አንድ ባለመሆኑ፥ ገዢው ረጅሙን ክንድ ሻጩ አጭሩን ክንድ ይወድ ነበር። እህልም በቁና ሲሰፈር ተቆልሎ የተሰፈረውና በልሙጡ የተሰፈረው ስማቸው አንድ ሆኖ ሳለ ልካቸው ይለያያል። ስለዚህ መንግሥታት ሚዛኑንና መስፈሪያውን እየመረመሩ ማኅተም የሚያደርጉበት ሕግ አወጡ። የሕጉ ሐሳብ አጭር ነው፤ ይኸውም ሰው በራሱ መስፈሪያ ራሱ ሰፍሮ ራሱ ምስክር ሊሆን አይገባም የሚል ነው።

በዛሬው ጊዜ ግን ራሱን ሰፍሮ ስለ ራሱ የሚመሰክር ዕቃ በየቤቱ ገብቷል፤ እርሱም አዲሱ መኪና ነው። በነጂው ፊት ያለው የዳሽቦርድ ሰሌዳ «በአንድ ሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ሄድሁ» እያለ በየደቂቃው ያስታውቃል። ቁጥሩ በብርሃን ተጽፎ ስለሚታይና ከነጥብ ወዲያ ያለውን ክፍልፋይ እንኳ ስለማይተው፥ የሚያየው ሰው ሁሉ ያምነዋል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንመረምረው ይህ ቁጥር እስከ ምን ድረስ የታመነ እንደ ሆነና፥ አንድ ሰው እርሳስና ወረቀት ይዞ ራሱ ከሚያወጣው ሒሳብ ጋር ሲተያይ ምን እንደሚመስል ነው።

ነገሩን በናይሮቢ ከተማ ላይ አድርገን እንመልከተው፤ በዚያ የብዙ ሰው ጉዳይ ነውና። ኬንያ መኪና በመንገዱ ግራ በኩል የሚነዳባት አገር ስለ ሆነች፥ መሪው በቀኝ ያለ መኪና ያስፈልጋታል። ጃፓንም እንዲሁ በግራ የሚነዳባት አገር ናት። ስለዚህ በጃፓን ጥቂት ዓመት ያገለገለ መኪና በመርከብ ተጭኖ ሞምባሳ ወደብ ይደርስና ወደ ናይሮቢ ይወጣል። የኬንያ ደንብ መጀመሪያ ከተመዘገበ ስምንት ዓመት ያለፈው መኪና እንዳይገባ ይከለክላል። እንዲህ ከሚገቡት መካከል በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሄዱት፥ «ሃይብሪድ» የሚባሉት መኪኖች ይገኛሉ። ከነዚህ ፊተኛው ቶዮታ ፕሪየስ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በጃፓን ለገበያ የቀረበ ሲሆን፥ ታናሽ ወንድሙ ቶዮታ አኳ በ2011 መጨረሻ ወጣ። ሁለቱም ዛሬ በናይሮቢ መንገድ ላይ የታወቁ ናቸው።

የነዳጁ ዋጋም ሰውን ሒሳብ አዋቂ አድርጎታል። በኬንያ የኃይልና የፔትሮሊየም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በየወሩ በ14ኛው ቀን የነዳጁን ከፍተኛ መሸጫ ዋጋ ያስታውቃል፤ ዋጋውም ከ15ኛው ቀን ጀምሮ እስከ ሚቀጥለው ወር 14ኛ ቀን ይጸናል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 አጋማሽ በናይሮቢ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 217 ሽልንግ ከ36 ሳንቲም ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ የታክሲ ነጂው፥ የቤተ ሰብ አባወራውና የመሥሪያ ቤቱ የትራንስፖርት ኃላፊ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህ መኪና በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ሦስት ምስክሮች አሉ። አንደኛው የፋብሪካው ቁጥር ነው። ሁለተኛው የሰሌዳው ቁጥር ነው። ሦስተኛው ከቤንዚን ማደያ ደረሰኝ የሚወጣው ቁጥር ነው። የሦስቱን ቃል ለየብቻ መስማት ይገባናል።

የፋብሪካው ቁጥር በመንገድ ላይ የተገኘ አይደለም። መኪናው በቤት ውስጥ በሚሽከረከሩ በርሜሎች ላይ ቆሞ በተወሰነ ሥርዓት ይነዳል። አኳ በወጣበት ጊዜ በጃፓን ይሠራበት የነበረው ጄ ሲ 08 የሚባለው የፈተና ሥርዓት ርዝመቱ 8 ኪሎ ሜትር ከ171 ሜትር፥ ጊዜው 1,204 ሰከንድ ነበር፤ ከፍተኛው ፍጥነትም በሰዓት 81.6 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚህ ፈተና አኳ በአንድ ሊትር 35.4 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ተጻፈለት። ከዚያ በፊት በነበረው በቀለለው ፈተና ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ተባለለት። መኪናው አንድ፥ ቤንዚኑም አንድ ሆኖ ሳለ ፈተናው ሲለወጥ ቁጥሩም ተለወጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በጃፓን ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ፎርድ ኩባንያ በአሜሪካ ይሸጠው ለነበረው ሲ-ማክስ ሃይብሪድ በአንድ ጋሎን 47 ማይል ብሎ ያስታወቀውን ቁጥር ወደ 43 ዝቅ አድርጎ፥ ለገዢዎችም ካሣ ከፍሏል። እንግዲህ የፋብሪካው ቁጥር አንዱን መኪና ከሌላው ለማወዳደር ይጠቅማል እንጂ፥ የወሩን የነዳጅ ወጪ ለመወሰን የሚያገለግል አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር ሰሌዳው ነው። ብዙ ሰዎች ሰሌዳው የነዳጁን ቋት እያየ የሚናገር ይመስላቸዋል። ነገር ግን እንዲህ አይደለም። በሞተሩ ላይ ቤንዚኑን የሚረጩ ኢንጀክተር የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዱም በሰከንድ ሺኛ በሚቆጠር ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። የመኪናው ኮምፒዩተር ኢንጀክተሩ ስንት ጊዜና ለምን ያህል ጊዜ እንደ ተከፈተ ይቆጥርና፥ «በዚህን ያህል ጊዜ ይህን ያህል ቤንዚን ይፈስሳል» ተብሎ አስቀድሞ በተጻፈለት ልክ ያባዛል። ርቀቱን ደግሞ ከጎማው መሽከርከር ያገኛል። ከዚያም ርቀቱን ለቤንዚኑ አካፍሎ ውጤቱን በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ሰሌዳው ቤንዚኑን የሰፈረ ሳይሆን የገመተ ነው። ግምቱ በብልሃት የተደረገና ለእውነት የቀረበ ነው፤ ይሁን እንጂ አስቀድሞ የተጻፈለት ልክ ከእውነተኛው በጥቂቱ ቢለይ፥ ወይም ኢንጀክተሩ በአገልግሎት ብዛት ጠባዩን ቢለውጥ፥ ሰሌዳው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስሕተቱም በየኪሎ ሜትሩ ወደ አንድ ወገን ይደጋገማል።

ሦስተኛው ምስክር ደረሰኙ ነው። የማደያው ፓምፕ በሕግ የሚመረመር መስፈሪያ ነው፤ በኬንያም የሚዛንና የመስፈሪያ ሕግ ስላለ ሹማምንቱ ፓምፑን ፈትነው ማኅተም ያደርጉበታል። የሒሳቡ አሠራር ማናቸውም ተማሪ ሊሠራው የሚችል ነው። ቋቱ ፓምፑ በራሱ እስኪያቆም ድረስ ይሞላል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ይጻፋል። ከዚያ መኪናው እንደ ልማዱ ይነዳል። ቤንዚኑ ሲያልቅ እንደ ገና እንዲሁ ይሞላና፥ በደረሰኙ ላይ ያለው ሊትር ይጻፋል። በመካከሉ የተሄደው ኪሎ ሜትር ለዚህ ሊትር ሲካፈል መልሱ ይገኛል። አሁን የገባው ቤንዚን ቀድሞ ከሞላው ላይ የተቃጠለውን የሚተካ ነውና።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እንስጥ። አንድ የናይሮቢ ነዋሪ አኳ መኪናውን አራት ጊዜ ሞላ እንበል። በመጀመሪያው 612 ኪሎ ሜትር ሄዶ 29.4 ሊትር፥ በሁለተኛው 598 ኪሎ ሜትር ሄዶ 30.9 ሊትር፥ በሦስተኛው 640 ኪሎ ሜትር ሄዶ 30.6 ሊትር፥ በአራተኛው 605 ኪሎ ሜትር ሄዶ 31.1 ሊትር ቀዳ። ለየብቻ ቢካፈሉ 20.8፥ 19.4፥ 20.9 እና 19.5 ይሆናሉ። ሁሉም ሲደመር 2,455 ኪሎ ሜትርና 122 ሊትር ነው፤ ሲካፈልም በአንድ ሊትር 20.1 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ሰሌዳው ግን ለዚሁ ጉዞ ሁሉ 21.5 ይላል እንበል። ልዩነቱ ከመቶ 7 ያህል ነው። ሰሌዳውን ያመነ ሰው 114 ሊትር ገደማ ያቃጠለ ይመስለዋል፤ የከፈለው ግን የ122 ሊትር ነው። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ይህ ልዩነት 96 ሊትር ያህል ይሆናል፤ በዚያ በጥቅምት 2023 ዋጋ ቢታሰብ 20,800 ሽልንግ ገደማ ነው። ከሰሌዳው ላይ ሲታይ አንድ ነጥብ ከምናምን የነበረው፥ በቤት ወጪ መዝገብ ላይ ሲጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል።

አስተዋይ አንባቢ በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። «የእጁ ሒሳብስ ስሕተት የለበትምን? አንዱ ጊዜ 19.4፥ ሌላው ጊዜ 20.9 ካለ፥ ከሰሌዳው ይልቅ የሚዋዥቀው እርሱ አይደለምን?» ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ፓምፑ ሁልጊዜ በአንድ ልክ አያቆምም። መኪናው በዘመመ ቦታ ቢቆም፥ ቀጂው ካቆመ በኋላ ጥቂት ቢጨምር፥ የአንዱ ማደያ ፓምፕ ከሌላው ቢፈጥን፥ ቋቱ በአንድ ሊትር ያህል ሊጎድል ወይም ሊተርፍ ይችላል። ቤንዚንም ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢጨምር መጠኑ ከመቶ አንድ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ በአንድ ጊዜ አሞላል ብቻ የሚፈርድ ሰው በ30 ሊትር ላይ በአንድ ሊትር ቢሳሳት፥ ስሕተቱ ከመቶ ከ3 በላይ ነው።

ዳሩ ግን ሁለቱ ስሕተቶች ጠባያቸው አንድ አይደለም፤ የነገሩም ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የእጁ ሒሳብ የሚንቀጠቀጥ ሚዛን ነው፤ የሰሌዳው ሒሳብ ያዘነበለ ሚዛን ነው። የሚንቀጠቀጠው ሚዛን አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ ይላል፤ ደጋግሞ የመዘነበት ሰው እውነተኛውን ልክ ያገኛል። ያዘነበለው ሚዛን ግን ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ ሺህ ጊዜ ቢመዘንበት ሺህ ጊዜ ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ዛሬ ቋቱ በግማሽ ሊትር ጎድሎ ቢቀዳ ያ ግማሽ ሊትር በሚቀጥለው ጊዜ ይገባል፤ ስለዚህ የመካከሉ ስሕተት እርስ በርሱ ይጣፋል፥ የሚቀረውም የመጀመሪያውና የመጨረሻው አሞላል ልዩነት ብቻ ነው። አንድ ሊትር በ30 ሊትር ላይ ከመቶ ከ3 በላይ የነበረው፥ በ122 ሊትር ላይ ከመቶ አንድ አይሞላም፤ ዐሥር ጊዜ ተሞልቶ 300 ሊትር ሲደርስ ከሺህ 3 ያህል ብቻ ይሆናል። የሰሌዳው ከመቶ 7 ግን በዐሥረኛውም ጊዜ ከመቶ 7 ነው። እንግዲህ ጸጥታ የእውነት ምልክት አይደለም፤ መዋዠቅም የሐሰት ምልክት አይደለም።

በሃይብሪድ መኪና ላይ ሌላም የሚጨመር ነገር አለ፤ ይኸውም የባትሪው ብድር ነው። ይህ መኪና ነጂው ፍሬን ሲይዝና ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪውን ይሞላል፤ በመጨናነቅ ውስጥ በዝግታ ሲሄድ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ከባትሪው ይበላል። ያን ጊዜ ቤንዚን ስለማይረጭ የሰሌዳው ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል። ነገር ግን ከባትሪው የተወሰደው ብድር ነው፤ ኋላ ሞተሩ ተነሥቶ ቤንዚን አቃጥሎ ይከፍለዋል። የፊተኛው አኳ ባትሪ የሚይዘው ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በጥቂቱ ያነሰ ነው፤ ኮምፒዩተሩም ባትሪው እንዳይጎዳ ከዚህ ከፊሉን ብቻ ይሠራበታል። ግማሹን ያህል ቢጠቀምበት፥ ብድሩ በቤንዚን ሲታሰብ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው። በ30 ሊትር ሒሳብ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ከቁጥር አይገባም። ከቤት እስከ ሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ግን፥ የመንገዱ ቤንዚን በሙሉ ሩብ ሊትር ያህል ስለ ሆነ፥ ብርጭቆው ከግማሽ ይበልጣል። ስለዚህ የአንድ አጭር ጉዞ ቁጥር በሰሌዳው ላይ እጅግ ቢያምርም ወይም እጅግ ቢከፋም፥ ምስጋናውም ወቀሳውም ለባትሪው እንጂ ለመኪናው አይደለም።

ሁለተኛው ማሳሳቻ የመካከለኛ ቁጥር አወጣጥ ነው። የናይሮቢ መካከል ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው፥ በሰሜን ምዕራብ ያለው ሊሙሩ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አንድ ሰው ከሊሙሩ ወደ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ሰሌዳው በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ይላል እንበል፤ ማታ 30 ኪሎ ሜትሩን ሲወጣ ደግሞ 15 ይላል። ብዙ ሰው 30 እና 15 ደምሮ ለሁለት ያካፍልና «22 ተኩል ነው» ይላል። ነገር ግን ሲወርድ የፈጀው አንድ ሊትር፥ ሲወጣ የፈጀው ሁለት ሊትር ነው። 60 ኪሎ ሜትር ለሦስት ሊትር ሲካፈል 20 ብቻ ይሆናል። መጥፎው ጉዞ ብዙ ቤንዚን ስለሚበላ በሒሳቡም ውስጥ ድርሻው ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2022 ለአገልግሎት የተከፈተው ከምሎሎንጎ እስከ ዌስትላንድስ የሚደርሰው 27 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ቀን ከላይ በነጻው መንገድ፥ ሌላውን ቀን ከታች በመጨናነቁ ውስጥ ያለፈ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ ለሁለት ቢያካፍል ይሳሳታል። ደንቡ አንድ ነው፤ አስቀድሞ ኪሎ ሜትሩን ሁሉ መደመር፥ ሊትሩን ሁሉ መደመር፥ ከዚያ በኋላ ማካፈል።

ሰሌዳውና የእጁ ሒሳብ አብረው የሚሳሳቱበት ነገርም አለ፤ ሳንናገረው ማለፍ አይገባም። ሁለቱም ርቀቱን የሚያገኙት ከጎማው መሽከርከር ነው። በአኳ መኪና ከሚገቡት ጎማዎች የአንዱ ስፋት ከመሬት እስከ ላይ 61 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ጎማው በመበላቱ ዙሪያውን 6 ሚሊሜትር ያህል ቢያልቅ፥ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ከመቶ 2 ያህል ያንሳል። ቆጣሪው ግን ዙሩን እንጂ መንገዱን ስለማያውቅ፥ 98 ኪሎ ሜትር ሄዶ 100 ይላል። ገዢው ከፋብሪካው ልክ የተለየ ጎማ ቢያስገባም እንዲሁ ነው። ይህን ለማወቅ የሚሻ ሰው በረጅምና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የቆጣሪውን ቁጥር በስልኩ ላይ በሳተላይት ከሚለካው ርቀት ጋር አንድ ጊዜ ያስተያይ። የተገኘውን ልዩነት በመዝገቡ ራስጌ ቢጽፈው ለዘወትር ያገለግለዋል።

የሌሎች አገሮች መንግሥታት ይህን ነገር ቸል አላሉትም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚመዘገቡት አዳዲስ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪናዎች፥ ሃይብሪዶቹም ጭምር፥ የፈጁትን ነዳጅ የሚለካና የሚመዘግብ መሣሪያ በውስጣቸው እንዲኖር አዝዟል። የሚመዘገበውም ቁጥር ከእውነተኛው ከመቶ 5 በላይ እንዳይርቅ ወስኗል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የመኪና ቁጥር ያለ ሕግ ሊታመን እንደማይገባ ነው። ሁለተኛው፥ በሕግ የተጠበቀው እንኳ እስከ ከመቶ 5 ሊሳሳት የተፈቀደለት መሆኑ ነው። ለጃፓን ገበያ ተሠርቶ ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ናይሮቢ የደረሰ መኪና ደግሞ ይህን ሕግ አያውቀውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፤ ይህ ሁሉ ሒሳብ ለምን አስፈለገ? «ጥቂት ሽልንግ ቢቀር ምን ይሆናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የተሳሳተ መስፈሪያ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን የሰውን ስም ያጠፋል። አንድ መሥሪያ ቤት የነዳጅ ፈቃድ የሚሰጠው በሰሌዳው ቁጥር ነው እንበል። ሾፌሩ በወሩ ውስጥ 2,000 ኪሎ ሜትር ነዳ። በ21.5 ሲታሰብ 93 ሊትር ይበቃዋል፤ በእውነት ግን 99 ሊትር ከምናምን ፈጅቷል። ኃላፊው መዝገቡን ከፍቶ «ስድስት ሊትር ቤንዚን የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። ሾፌሩም «ጌታዬ፥ የቀዳሁት ሁሉ የገባው በዚሁ መኪና ነው» ይላል። ኃላፊው ወደ ሰሌዳው ያመለክታል፤ ሾፌሩ የሚያመለክትበት ነገር የለውም። እንዲህ ያለው ነገር በየወሩ ሲደጋገም ታማኙ ሰው እንደ ሌባ ይታያል፤ ልቡም ከሥራው ይርቃል። በሌላ በኩል ደግሞ የመኪናውን እውነተኛ ልክ ያላወቀ ኃላፊ፥ በእውነት የሚሰርቀውን ሊይዘው አይችልም። እንግዲህ ትክክለኛ መስፈሪያ ለንጹሑ ሰው ጋሻ፥ ለጥፋተኛው ሰው ወጥመድ ነው። ሹም የሆነ ሰው በሌላው ላይ ከመፍረዱ በፊት የሚፈርድበትን ሚዛን መመርመር አለበት።

በቤተ ሰብም ውስጥ እንዲሁ ነው። ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሄደ ሰው ሻጩ ሰሌዳውን አብርቶ «እነሆ፥ በሊትር 28 ይሄዳል» ቢለው፥ ቁጥሩ የስንት ኪሎ ሜትር ጉዞ ውጤት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል። ሰሌዳው አንድ ቁልፍ በመጫን ወደ ዜሮ የሚመለስ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በኋላ ቁልቁለት የወረደ መኪና ሁሉ ቆንጆ ቁጥር ያሳያል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ባልና ሚስት የወሩን ወጪ ሲመድቡም ለነዳጅ የሚሆነውን ገንዘብ ከሰሌዳው ሳይሆን ከደረሰኞቹ ድምር ቢያወጡት፥ በወሩ መጨረሻ ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠውን ገንዘብ ለቤንዚን ከማዋል ይድናሉ።

ታዲያ ሰሌዳው ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ሰሌዳው የገንዘብ ሒሳብ ያዥ ሊሆን ባይችልም ጥሩ አስተማሪ ነው። ነጂው ነዳጁን በድንገት ሲረግጥ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወድቅ፥ ፍሬኑን ከሩቅ አስቦ በዝግታ ሲይዝ ባትሪው እንዴት እንደሚሞላ ወዲያውኑ ያሳየዋል። ደረሰኙ ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ እርሱ የሚናገረው ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። በዚህም ላይ ያዘነበለ ሚዛን የማዘንበሉ ልክ ከታወቀ ሊታረም ይችላል። በምሳሌያችን ውስጥ 20.1 ለ21.5 ሲካፈል 0.93 ከምናምን ነው፤ ስለዚህ የዚያ መኪና ባለቤት ሰሌዳው የሚለውን ሁሉ ከመቶ 93 ወይም 94 እጅ አድርጎ ቢወስደው ከእውነት አይርቅም። ይህ ቁጥር ግን የዚያ መኪና ብቻ ነው፤ ለጎረቤት መኪና አይሆንም፤ ጎማ ሲለወጥም እንደ ገና መፈተን ያሻዋል።

ይህ ትምህርት ከቤንዚን መኪና ጋር የሚያልፍ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ አድርጋ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ፊቷን መልሳለች። በኤሌክትሪክ መኪናም ሰሌዳ ላይ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይቀርሃል» የሚል ቁጥር አለ፤ እርሱም እንደ ቀድሞው ግምት ነው። በዚያም ጊዜ ቆጣሪ የሚያሳየውን የኤሌክትሪክ መጠንና የተሄደውን መንገድ ጽፎ የያዘ ሰው፥ ሰሌዳውን ብቻ ከሚያይ ሰው ይልቅ የመኪናውን ጠባይ ያውቃል።

እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ እንሰብስበው። በመኪናው ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር ትቀመጥ። በተሞላ ጊዜ ሁሉ ቀኑ፥ የቆጣሪው ቁጥር፥ የደረሰኙ ሊትርና የሰሌዳው ቁጥር በአራት ረድፍ ይጻፍ። ቢቻል በአንድ ማደያ፥ በአንድ ፓምፕ፥ ፓምፑ መጀመሪያ ባቆመበት ልክ ይሞላ። ከአምስት ጊዜ በፊት ማንም አይፍረድ። ከዚያ በኋላ ድምሩ ለድምሩ ይካፈልና ከሰሌዳው ጋር ይተያይ። ይህ ሥራ በአንድ አሞላል ሁለት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ሁለት ደቂቃ የነፈገ ሰው ግን ለቤቱ ወጪ የተሳሳተ በጀት ይመድባል፥ ከእርሱ በታች በሚሠራው ሰው ላይም ባልተመረመረ ሚዛን ይፈርዳል።